ለሽታዬ የተከለከለ ውሃ

ጣሊያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሶዶ ላይ የወረደው ውርጭ የጉድ ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሣሩ ጨው ተነስንሶበት ያደረ መስሎ ይነጋል፤ የእንሰቱ ቅጠል እሳት እንደ ላሰው ዳር ዳሩን ይጠቁራል፤ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ጭስ ይወጣዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ዳሞታ ተራራ ቀና እያሉ፣ «ዘንድሮስ ምን አስቀየምነው?» ይባባሉ ነበር። ክረምቱም በቅጡ ሳይዘንብ ስለ ወጣ፣ ለመንደሩ ቅርብ የነበረው ምንጭ ገና ኅዳር ሳያልቅ ጭቃ ሆነ። የቀረው ከገደሉ ሥር ያለው ሩቁ ምንጭና የፊታውራሪው ግቢ የብረት ጋኖች ብቻ ነበሩ።

ፊታውራሪው ራሳቸው አዲስ አበባ ናቸው። ቤታቸው ግን በአገሩ ብርቅ የሆነ የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ ከክዳኑ የሚወርደው ዝናብ በአሸንዳ አልፎ ሁለት ታላላቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ይጠራቀማል። ጋኖቹ ከግርጌያቸው ቧንቧ አላቸው፤ ዙሪያቸው ታጥሮ በር ተበጅቶለታል፤ የበሩ ቁልፍ የሚውለው የግቢው ጠባቂ የብሩ ወገብ ላይ ነው። ፊታውራሪው «ለጎረቤት በየቤቱ አንዳንድ እንስራ ይሰጥ» ብለው አዘዋልና፣ ብሩ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ፍም በገል ይዞ፣ ወደ ጋኖቹ ይወርዳል። ቧንቧው በረዶ ይዞት ስለሚያድር ፍሙን ከሥሩ አስጠግቶ እስኪቀልጥ ይጠብቃል። ውሃው መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ሳል ጎርጎር ይላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ቧንቧው እምቢ ያለ ቀን ደግሞ ብሩ መሰላል ላይ ወጥቶ የጋኑን አፍ የሸፈነውን በረዶ በዘነዘና ይሰብርና በቅል እየጨለፈ ያወርዳል።

ሚስቱ ፈጠነች ይህን ሁሉ ከቤቷ ደጃፍ ሆና ታያለች። ቤታቸው እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ነበር።

ፈጠነች የቡልጋ ልጅ ናት፤ ወደ ሶዶ የመጣችው ለብሩ ተድራ ነው። ብሩ ግን፣ አባቱ ከሸዋ የዘመተ ወታደር ይሁን እንጂ፣ እዚሁ ተወልዶ የወላይታ ሞግዚት ጡት ጠብቶ ያደገ ሰው ነው። ወላይትኛው ከአማርኛው አይተናነስም። ፈጠነችን ከጠየቃችሁማ ይበልጣል። ከእሷ ጋር ሲሆን ቃሉ የተቆጠረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ «እህ»፣ «ደግ»፣ «ይሁን» ብሎ ያበቃል። ወላይትኛ ሲጀምር ግን ትከሻው ይፈታል፣ እጁ ያወራል፣ ሳቁ ከሆዱ ይወጣል። ባሏ ውስጥ እሷ ያላገባችው ሌላ ሰው ያለ ይመስላት ነበር።

ያንን ሰው በየማለዳው የምታገኘው ሽታዬ ናት።

ሽታዬ ከግቢው አጥር በታች የእንሰት ማሳ ያላት፣ ባሏ ኤርካሎ ተበላ ወደሚባለው ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ስለ ሞተ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። መልኳ እንኳ እንደ ነገሩ ነው፤ ፈጠነች በልቧ ብዙ ጊዜ መዝናዋለች፤ አፍንጫዋ ሰፊ፣ ጥርሷ ፍንጭት። ነገር ግን ስታወራ ሰው ይሰበሰብላታል። የምትላቸው ነገሮች ውሃ ቀጂዎቹን ሴቶች ብርዱን ረስተው ሆዳቸውን እስኪይዙ ያሥቋቸዋል፤ ብሩም ከእነሱ ብሶ ቧንቧውን ይዞ ይንፈቀፈቃል። ሌላው እንስራውን ሞልቶ ሲሄድ ደግሞ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ያን ጊዜ ሳቁ ያበቃና ሁለቱ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ።

አንድ ማለዳ ቧንቧው ብሶበት፣ ሽታዬ በእጇ በረዶውን ስትፍቅ ጣቶቿ ደነዘዙ። ብሩ ቅሉን አስቀመጠና ሁለት እጇን በሁለት እጁ ይዞ በትንፋሹ አሞቀላት። ረጅም አልቆየም። ፈጠነች ግን ከደጃፏ ላይ የቆመችበት ድንጋይ ከሥሯ የተነሣ መሰላት። እሷም እጅ አላት፤ እሷም ለአመታት በዚህ ብርድ እህል ስትፈጭ፣ ልብስ ስታጥብ ጣቷ ተሰነጣጥቋል። ትንፋሹን መቼ አገኘችው?

ሲመለስ፣ «ምን ትልሃለች ያቺ ሴትዮ?» አለችው።

«ማን?»

«ማን ትለኛለህ? ሽታዬ ነቻ!»

«ስለ ብርዱ ነው» አለ ቡልኮውን እያራገፈ። «ምን ይወራል ሌላ።»

«ብርድ እንዲህ ያስቃል?»

ብሩ አያት። የሚናገር መስሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ «ይሁን፣ ተዪው» ብሎ ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ፈጠነች እህል አልዋጥ አላት። ቅናት እንደ ቁንጫ ነው፤ አንዱን ገደልኩ ስትል ሌላው ይነክሳታል። ውሃ ቀጂ መስላ ወደ ጋኖቹ ትወርድና ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች፤ ቋንቋው ግን እንደ ውሃው ድምፅ ነበር፤ ይሰማል እንጂ አይያዝም። አንድ ቃል ብቻ ደጋግሞ ይመጣል። ሽታዬ ድምፅዋን ዝቅ ባደረገች ቁጥር፣ ብሩም ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር፣ ያቺው ቃል አለች። «ናኣ»።

ከጎረቤት ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ባዳቾ ይባላሉ። ፈጠነች እንስራቸውን ልታሸክማቸው ስትሄድ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ «እማማ ባዳቾ፣ ናኣ ማለት ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ልጅ ማለት ነዋ። ወንድ ልጅ።» አሮጊቷ ዘወር ብለው አዩዋት። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው።»

ልጅ! ፈጠነች ወደ ቤቷ እንዴት እንደ ተመለሰች አታውቅም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጁ ቀኑን እንኳ ሳይውል ሞተ፤ እሷም የወሊድ ትኩሳት ይዟት ራሷን ስታ ሰነበተች። ስትነቃ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። «የት አደረጋችሁት?» ብትል አራስ ጠባቂዎቹ፣ «አፈር የገባን ልጅ ያለበትን የጠየቀች ማሕፀኗ ይዘጋል» ብለው አስፈራሯት። አልጠየቀችም። ማሕፀኗ ግን እንዲያም ሆኖ አልተከፈተም። እንግዲህ ባሏ ልጁን ከሌላ አግኝቶታል ማለት ነው! ሽታዬ ያን ሰፊ ቡልኮ የምትለብሰው ለብርዱ አይደለም፤ ሆዷን ልትሸፍንበት ነው!

በሳምንቱ ብሩ ለግቢው ጉዳይ ወደ ቦዲቲ ተላከ። በቅሎውን ጭኖ ሲያበቃ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት።

«እንደ ወትሮው ለሁሉም ስጪ» አላት። «ማንንም እንዳታስቀሪ። ለሽታዬ አደራ፣ ብትዘገይም ጠብቂያት።»

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ባይናገራት ምናልባት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

በማግስቱ የጠባው ማለዳ ከሁሉ የከፋው ነው። የበሩ መቆለፊያ ሳይቀር በረዶ ይዞት ፈጠነች በፍም አሟሟቀችው። ቧንቧው ጭራሽ አልሰማ አለ፤ መሰላል ላይ ወጥታ በዘነዘና ብትመታው በረዶው እንደ መስተዋት ተሰነጣጠቀና ስባሪው ክንዷን ፋቀው። ቅሉን ባጠለቀች ቁጥር ውሃው እስከ ክርኗ እያቃጠላት ለአንዷ፣ ለሌላዋ፣ ለባዳቾም ቀዳች። ሴቶቹ «እግዜር ይስጥሽ» እያሉ፣ እየተንቀጠቀጡ ሄዱ። ሽታዬ በመጨረሻ መጣችና እንስራዋን ከመሰላሉ ሥር አስቀመጠች።

ፈጠነች ከላይ ሆና አየቻት። ቅሉን ጋኑ ውስጥ ጣለችና ወረደች።

«ላንቺ ውሃ የለም» አለቻት።

ሽታዬ በደንብ ያልሰማች መስሏት በአገጯ ወደ ጋኑ አመለከተች። «ሃታ አለ። ሙሉ ነው።»

«ለሌላው አለ። ላንቺ የለም ብያለሁ። ከሰው ቤት መውሰድ የለመድሽውን ሌላ ቦታ ፈልጊ!»

ሽታዬ አማርኛው ባይዘልቃት የፈጠነች ፊት አልጠፋትም። እንስራዋን መልሳ አነሣች። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከመካከሉ ናኣ የምትለውን ቃል ፈጠነች ለየቻት። ያ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ ሆነ። በሩን በፊቷ ዘግታ ቆለፈችው። ሽታዬ ባዶ እንስራዋን አዝላ በገደሉ መንገድ ወደ ሩቁ ምንጭ ስትወርድ እስከ መጨረሻው በዓይኗ ሸኘቻት። የዚያን ለት ቁርሷን አጣጥማ በላች። ከስንት ጊዜ በኋላ እህል ጣማት።

ፀሐይ ጠንከር ስትል ባዳቾ እያለከለኩ መጡ።

«ሽታዬ ወድቃለች» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ቁልቁለቱ ላይ በረዶ አንሸራቷት ነው። እግሯ ተሰብሮ፣ ከብት የሚነዱ ሰዎች እስኪያገኟት እዚያው ውርጩ ላይ ተኝታ ቆየች። በቃሬዛ አመጧት፤ ወጌሻው እያሰረላት ነው።» ትክ ብለው አዩዋት፤ «ምነው ልጄ? ምን አደረገችሽ?»

ፈጠነች መጀመሪያ የተሰማት ነገር ደስታ ነበር። እንደ ብልጭታ መጥቶ አለፈ፤ መምጣቱን ጭራሽ ባላወቀች ምንኛ በወደደች። ደረቷ ላይ አማተበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጋኖቹ ሄደች፤ ቧንቧው በፀሐዩ ተለቆ ነበር፤ እንስራዋን ሞላችና አዘለች። ባዳቾ ተጸጽታ መሰላቸው። መጸጸቱም አልቀረም፤ ግን ያ ብቻ አልነበረም። የዚያችን ሴት ሆድ በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው።

የሽታዬ ጎጆ ውስጥ እሳት ይነድዳል። ሽታዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተኝታለች፤ እግሯ በቀርከሃ ታስሯል፤ ወጌሻው ሲሠራ ልብሷን ሰብስበውት ኖሮ በስስ ሸማ ብቻ ነበረች። ሆዷ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀ፣ ባዶ ነው። ጎጆው ውስጥ የሕፃን ልብስም፣ የሕፃን ሽታም የለም። ፈጠነች እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቀረች።

«እመት ፈጠነች፣ መጣህ?» አለች ሽታዬ። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። ፊቷ ላይ ሕመም እንጂ ቂም አልነበረበትም። «ሃታ አመጣህ? ጥሩ። ለኔ አይደለም። ሂድ፣ ለልጁ ስጠው። ዛሬ አልጠጣም።»

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለናኣ። ለልጅህ።» ሽታዬ በእጇ ወደ ጓሮ አመለከተች። «ቅጠሉን አንሣለት። ፀሐይ ወጥቷል፣ ይታፈናል።»

ፈጠነች፣ ሽታዬን ትኩሳት ያስቀባዠራት መሰላት። ቢሆንም ወጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ከእንሰቱ ረድፍ ኋላ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ፣ በጠጠር የተከበበች ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች። ጉብታዋ ራስጌ ላይ በሰፊ የእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ነገር ነበር። ቅጠሉ ላይ ያደረው በረዶ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ብታነሣው ከሥሩ አንዲት የጽድ ችግኝ አገኘች፤ ጽድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ነው። በሰው ጓሮ ተተክሎ አይታ አታውቅም።

እንስራው ከጀርባዋ እንዴት እንደ ወረደ አታውቅም። ስትመለስ እጇ አፈር ነበር።

«ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው?» አለች።

ሽታዬ ከተኛችበት ለመነሣት ሞከረችና አቃታት። «ብሩ አልነገረህም?» አለች ደንግጣ። «በጦሲ፣ በእግዜር! እኔ ታውቃለህ ብዬ! ታውቃለህ፣ አትመጣም ብዬ...»

ባዳቾ ተከትለዋት መጥተው ነበርና የቀረውን እሳቸው እየተረጎሙ ሰማችው። ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ስለ ሞተ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አላስገባ ብለውት፣ ብሩ በነጠላ ጠቅልሎ ይዞት ሲንከራተት ኤርካሎ አገኘው። ኤርካሎ በሕይወት ነበር ያኔ። ከማሳው ቆርሶ ሰጠው፤ አብረው ቆፈሩ። ያጠበችው ሽታዬ ናት። ብሩም ልጄ ከቅጥሩ ቢቀር ዛፉ አይቀርበትም ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጽድ እያመጣ ይተክላል። የመጀመሪያውን ፍየል በላው፤ ሽታዬ ፍየሏን በእርቃኗ ስታባርር አማቿ እንዴት እንዳዩዋት ስታወራለት ነበር ብሩ እንደዚያ የሚስቀው። ሁለተኛውን ምስጥ ጨረሰው። ይህኛው የዘንድሮው ነው፤ ውርጩ እንዳይገድለው ሽታዬ ማታ ማታ ትሸፍነዋለች፣ ፀሐይ ሲሞቅ ትገልጠዋለች፣ ከጋኑ ከምታመጣው እንስራ ታጠጣዋለች። በየማለዳው ብሩ የሚጠይቃት፣ «ልጁ እንዴት አደረ?» ብሎ ነው።

ፈጠነች መሬት ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ይገባት ነበር። ግን መጀመሪያ የመጣው እንባ አይደለም። ስታቃጥላት የከረመችው ቅናት ያበቃላት መስሏት ነበር፤ አሁን ያገኘችው ከዚያኛው የባሰ ነው። ባልማ ይወሰዳል፣ ባል ይመለሳል። ይህች ሴት ግን ልጇን አጥባለች። ልጇን በብርድ ሸፍናለች።

«መልኩን አየሽው?» አለች። «እኔ አላየሁትም። አንቺ አየሽው?»

ሽታዬ አየሁት አለች። ከዚያ በላይ እንድትናገር ፈጠነች አልፈቀደችላትም፤ ተነሥታ ወጣች።

ብሩ ከቦዲቲ ሲመለስ በቅሎውን ሳያራግፍ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«ሽታዬ እግሯ ተሰብሯል። ውሃ ከልክያት ነው። የልጄንም መቃብር አይቻለሁ» አለችው። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነበር የተናገረችው።

ብሩ የበቅሎውን ልጓም እንደ ያዘ ቀረ። «የነፍስ አባታችን አታንሣባት፣ ታብዳለች አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ስትድን እነግራታለሁ አልኩ። ስትድኚ ደግሞ አልጠየቅሽም። ረሳችው አልኩ።»

«እኔ? እኔ ረሳሁት?»

«ፈጠነች፣ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ለሽታዬ መቼ እምቢ አለ? ለእሷ በየማለዳው ትናገር የለም? ለእኔ ነው አፍ ያጣኸው? አራት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተኝተህ፣ ልጄ ከአጥር በታች ተኝቶ!» ደረቱን በሁለት እጇ መታችው። እሱም አልተከላከለም። በቅሎው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጭነቱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ብሩ አለቀሰ። በአማርኛ እየተናገረ ሲያለቅስ ያኔ ነው ያየችው፤ ቃሉ እየተሰባበረ፣ እንደ እንግዳ ሰው። አላባበለችውም። ግን አልሄደችምም።

ያንን በጋ ሙሉ ቁልፉን ፈጠነች ያዘች። ለጎረቤቱ ቀድታ ስትጨርስ ለሽታዬ አንድ እንስራ፣ ለጓሮው ሌላ አዝላ ትወርዳለች። የሽታዬን እሳት ታነድዳለች፣ ላሟን ታልባለች፤ በእግሯ ነገር ይቅርታ ስትጠይቃት ሽታዬ፣ «በረዶው ነው የጣለኝ፣ አንተ አይደለህም» አለቻት፤ እውነቱን ሁለቱም እያወቁ። ችግኙን ግን ፈጠነች ብቻዋን ነበር የምታጠጣው። ሽታዬ ከጎጆዋ ሆና፣ «አፈሩን አላላው፣ ቅጠሉን ወዲህ አድርግ» ስትላት ጥርሷን ትነክሳለች። የእናት ሥራ እንዴት በሌላ ሴት ይታዘዛል?

ውርጩ ሊያበቃ ሲል አንድ ማለዳ ፈጠነች እንስራዋን አዝላ ብትደርስ ቅጠሉ ተነሥቷል። አፈሩ እርጥብ ነው። ሽታዬ ዱላዋን ተደግፋ፣ የተሰበረውን እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ከጉብታው አጠገብ ተቀምጣለች። እንዴት እዚያ እንደ ደረሰች እንጃ፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር።

ፈጠነች ደሟ ፈላ። «የኔ ነው አልኩሽ እኮ! ተዪልኝ አላልኩሽም?»

«ማሳው የኔ» አለች ሽታዬ ረጋ ብላ። «ልጁ የአንተ። እኔ ደግሞ ናፈቀኝ።»

ከፈጠነች እንስራ ውሃው እየተንጠባጠበ ጀርባዋን አበሰበሰው። በመጨረሻ አወረደችና፣ ከሽታዬ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ወደ እሷ አላየችም።

«ያን ቀን አላስጨረስኩሽም» አለች። «ንገሪኝ። ፀጉር ነበረው?»

«ብዙ» አለች ሽታዬ። «ብዙ ፀጉር። እዚህ ድረስ።» እጇን ወደ ማጅራቷ አደረሰች፤ ከዚያ ቃሉ ሲያጥራት ወደ ፈጠነች ጠጋ ብላ፣ በዚያ በቀዘቀዘ ጣቷ፣ ልጁ ላይ ፀጉሩ ያበቃበትን ቦታ የፈጠነች ማጅራት ላይ አሳየቻት።